ባልታየ ቀን ቃል መግባት

በሶፍትዌር ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው «መቼ ያልቃል?» የሚል ጥያቄ ነው። ደንበኛው ውል ለመፈረም፣ የፋይናንስ ክፍሉ በጀት ለመያዝ፣ የበላይ ኃላፊው ለቦርድ ለማቅረብ አንድ ቀን ይፈልጋሉ። ለዓመታት ኮድ ሲጽፍ ቆይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ የሆነ ሰው ይህን ቀን የሚጠየቀው ገና በሹመቱ ማግስት፣ ስለ ሥራው የሚታወቀው ነገር ከምንጊዜውም ባነሰበት ሰዓት ነው። ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ የሥራ አመራር ብቻ ሳይሆን የሥነ ምግባር ፍልስፍናም ነው። ሰው ሊያውቀው ስለማይችለው፣ ያውም በሌሎች እጅ ስለሚሠራ ነገር በቅን ልቦና ቃል ሊገባ ይችላል ወይ? ቀኑ ሥራው ሳያልቅ ቢያልፍስ፣ ዋሽቷል፣ ቃሉን አጥፏል ወይስ ተሳስቷል ብቻ?

አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሦስት ተግባር

«ሲስተሙ በመጋቢት መጨረሻ ሥራ ይጀምራል» የሚል ንግግር ከሦስት ነገሮች አንዱን ሊሆን ይችላል። ትንበያ ከሆነ፣ ተናጋሪው በእጁ ያለውን መረጃ መዝኖ ይሆናል ብሎ የሚያስበውን መናገሩ ነው፤ መጋቢት ቢያልፍ ተሳስቷል። ግብ ከሆነ፣ ቡድኑ ኃይሉን የሚያሰባስብበት ምልክት ተተክሏል፤ ባይደረስበት ዕቅዱና ጥረቱ ይመረመራሉ እንጂ የተበደለ ሰው የለም። ቃል ከሆነ ግን አድማጩ በእሱ ተማምኖ ሠራተኛ ቀጥሯል፣ የአሮጌውን ሲስተም ውል ሳያሳድስ ቀርቷል፣ ለራሱ ደንበኞችም ሌላ ቃል ገብቷል። መጋቢት ሲያልፍ «ጎድታችሁኛል» የሚል ሰው አለ፤ እውነቱንም ነው።

የኦክስፎርዱ ፈላስፋ ጆን ኦስቲን እ.ኤ.አ. በ1955 በሃርቫርድ በሰጣቸውና ከሞተ በኋላ በ1962 በታተሙት ትምህርቶቹ (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው) አንዳንድ ንግግሮች በዓለም ላይ ያለን ነገር የሚገልጹ ሳይሆኑ ራሳቸው ድርጊት መሆናቸውን አሳይቷል። ቃል የገባ ሰው ስለ ራሱ ወሬ አልነገረም፤ ከመናገሩ በፊት ያልነበረ ግዴታ ፈጠረ። ይህን ለማድረግ ደግሞ «ቃል እገባለሁ» የሚሉትን ቃላት መጠቀም የግድ አይደለም። በስብሰባ ላይ የተጠራ ቀን፣ በስላይድ ላይ የሰፈረ ቀን፣ ደንበኛው እየሰማ ያልተቃወሙት ቀን ሁሉ እንደ ሁኔታው ግዴታ ሊወልድ ይችላል።

ኤልዛቤት አንስኮም በ1957 ባሳተመችው «ኢንቴንሽን» በተሰኘው መጽሐፏ ያቀረበችው ምሳሌ ጉዳዩን ይበልጥ ያጠራዋል። አንድ ሰው የሚገዛውን ዕቃ በዝርዝር ጽፎ ገበያ ይወጣል፤ አንድ መርማሪ ደግሞ ከኋላው እየተከተለ የሚገዛውን ሁሉ ይመዘግባል። ሁለቱ ዝርዝሮች ቃል በቃል አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። ዝርዝሩና የተገዛው ዕቃ ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ ግን ልዩነታቸው ይወጣል። የገዥው ዝርዝር ከሆነ ስህተቱ ያለው በግዢው ላይ ነው፤ የመርማሪው ከሆነ ስህተቱ ያለው በመዝገቡ ላይ ነው።

የፕሮጀክት ዕቅድ ብዙ ጊዜ እንደ መርማሪው ዝርዝር ተጽፎ እንደ ገዥው ዝርዝር ይፈረድበታል። አንድ ፕሮግራመር «ምን ያህል ይፈጅብሃል?» ሲባል «ነገሩ እንዳሰብኩት ከሆነ ሦስት ሳምንት» ይላል። ይህ ትንበያ ነው፤ ያውም ቅድመ ሁኔታ የታሰረበት። ሥራ አስኪያጁ «ሦስት ሳምንት» ብሎ ለኃላፊው ያስተላልፋል፤ ቅድመ ሁኔታው በመንገድ ላይ ወድቋል። ኃላፊው ሦስቱን ሳምንት በቀን ለውጦ ለደንበኛው ይነግራል፤ ትንበያው ቃል ሆኗል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንድም ሰው አልዋሸም፤ ሆኖም መጨረሻ ላይ ደንበኛው በእጁ የያዘው ማንም ያልገባው ቃል ነው። ስለዚህ የአዲስ ሥራ አስኪያጅ የመጀመሪያ የሞራል ተግባር ሦስቱ የንግግር ዓይነቶች እንዳይቀላቀሉ መጠበቅ ነው።

ፕሮግራመር ሳለ ይህ ልዩነት ብዙም አላስቸገረውም። «አርብ እጨርሳለሁ» ሲል ስለ ራሱ ሐሳብ ይናገር ነበር፤ አርብ ቢቃረብ ሌሊቱን ተቀምጦ ንግግሩን እውነት ማድረግ ይችላል። ሥራ አስኪያጅ ሲሆን «አርብ ይጨርሳሉ» ማለት ይጀምራል። አሁን የሚሰጠው ስለ ሌሎች ሰዎች ምስክርነት ነው፤ በራሱ እንቅልፍ የሚከፍለው ዕዳ አይደለም።

ቀኑ ለምን አይታወቅም?

የሶፍትዌር ሥራ የሚያልቅበትን ቀን መቁረጥ የሚያስቸግረው ከሥራው ባሕርይ የተነሣ ነው። አንዴ የተጻፈ ፕሮግራም ያለ ወጪ ይቀዳል። ትናንት የተሠራውን ያንኑ ፕሮግራም ዛሬ እንደ አዲስ የሚጽፍ የለም። እንዲጻፍ የሚታዘዘው ቢያንስ በከፊሉ ከዚህ በፊት ያልነበረ ነገር ነው። የደመወዝ ሲስተም በየአገሩ ሞልቷል፤ ነገር ግን ይህ የደመወዝ ሲስተም ከዚህ መሥሪያ ቤት የሃያ ዓመት መዝገብ ጋር፣ ከዚህ ባንክ የክፍያ መሥመር ጋር ተገናኝቶ አያውቅም። ያልታወቀው ነገር የተደበቀው በመገናኛዎቹ ላይ ነው።

ባሪ ቦም በ1981 ባሳተመው የሶፍትዌር ኢኮኖሚክስ መጽሐፉ እንዳሳየው፣ በፕሮጀክቱ መነሻ ላይ የሚሰጥ ግምት ከእውነተኛው መጠን አራት እጥፍ ሊበልጥ ወይም ወደ ሩቡ ሊያንስ ይችላል። ዝርዝሩ እየጠራ ሲሄድ ክፍተቱ እየጠበበ ይሄዳል። ልብ ሊባል የሚገባው ክፍተቱን የሚያጠብበው ቀኑ መንጎዱ ሳይሆን ውሳኔ መሰጠቱና ሥራው መሞከሩ ነው፤ ምንም ሳይወሰን ስድስት ወር የቆየ ፕሮጀክት ከመነሻው የተሻለ አይታወቅም።

በዚህ ላይ የሰው ልጅ አስተሳሰብ ያዘነበለ ነው። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 እንደጻፉት፣ ሰዎች የራሳቸውን ሥራ ሲገምቱ ከፊታቸው ያለውን ዕቅድ ይመለከታሉ እንጂ መሰል ሥራዎች ቀድሞ ምን ያህል እንደፈጁ አይጠይቁም። በ1994 በታተመ ጥናት የመመረቂያ ጽሑፋቸውን እያጠናቀቁ የነበሩ የሳይኮሎጂ ተማሪዎች በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንደሚጨርሱ ገመቱ፤ የፈጀባቸው ግን ወደ 56 ቀን ነበር። «ሁሉም ነገር ቢበላሽ» ተብለው የሰጡት ግምት እንኳ 49 ቀን ገደማ ነበር። ሰው ክፉውን አስቦ ሲገምትም ክፉውን ያሳንሰዋል ማለት ነው። ይህ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን ዝንባሌውን አንዴ ያወቀ ሰው «አላወቅሁም ነበር» የማለት መብቱ ይቀንሳል። ያለፉትን መሰል ፕሮጀክቶች መዝገብ ሳይመለከት ቀን የሚጠራ ሥራ አስኪያጅ ስህተቱ ከቸልተኝነት ይቆጠራል።

ስለ ነገ የተነገረ ነገር

ስለ ነገ የሚነገር ነገር ዛሬ እውነት ወይም ሐሰት ሊሆን ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ጥንታዊ ነው። አርስቶትል «ስለ ትርጓሜ» በተሰኘው ሥራው ዘጠነኛ ምዕራፍ ነገ የባሕር ጦርነት ይሆናል የሚልን ንግግር ወስዶ ይመረምራል። ንግግሩ ዛሬ እውነት ከሆነ ጦርነቱ አይቀሬ ነው፤ ያለዚያ ደግሞ የማይቻል ነው። ያን ጊዜ የሰው ምክርና ጥረት ትርጉም ያጣል። በተለመደው አነባበብ የአርስቶትል መልስ፣ ጦርነቱ ይሆናል ወይም አይሆንም ማለት እውነት ቢሆንም ከሁለቱ አንዱን ነጥሎ ገና እውነት ነው ማለት አይቻልም የሚል ነው። የፕሮጀክት ቀንም ከዚህ ወገን ነው። ገና በሚወሰኑ ውሳኔዎች ላይ ስለሚንጠለጠል፣ በመነሻው ላይ ተደብቆ የሚገኝ «እውነተኛ ቀን» የለም። ሥራ አስኪያጁን «ትክክለኛውን ቀን ንገረን» ማለት ገና ያልተፈጠረን ነገር አውጣ ማለት ነው።

እንዲህ ከሆነ ቃል መግባት ጨርሶ ለምን አስፈለገ? ዴቪድ ሂዩም በ1740 በወጣው የ«ትሪቲዝ» ሦስተኛ መጽሐፉ እህላቸው ዛሬና ነገ የሚደርስ ሁለት ጎረቤት ገበሬዎችን ምሳሌ ያነሣል። ዛሬ አንዱ ሌላውን ቢረዳ፣ ነገም ተረጂው ውለታ ቢመልስ ሁለቱም ይጠቀማሉ። መተማመን ስለሌለ ግን አይረዳዱም፤ የሁለቱም እህል ይባክናል። ለሂዩም ቃል ሰዎች በጊዜ ርቀት እንዲተባበሩ የፈጠሩት ሥርዓት ነው። ሃና አረንት ደግሞ በ1958 «የሰው ልጅ ሁኔታ» በተሰኘው መጽሐፏ ቃል ኪዳን የመጪውን ጊዜ አለመታወቅ የሚያክም የሰው ችሎታ መሆኑን ጽፋለች። እሷ ያከለችው ማስጠንቀቂያ ለሥራ አስኪያጅ ይበልጥ ይጠቅማል። ቃል የሚያስተማምነው በተወሰነ ስፍራ ላይ ብቻ ሲያርፍ ነው፤ መጪውን ጊዜ በሙሉ ለመሸፈን የሚሞክር ቃል የማሰር ኃይሉን ያጣል። የሦስት ዓመትን ሥራ በየሳምንቱ ከፋፍሎ በቀን የቆረጠ ሰንጠረዥ ሲታይ እርግጠኛ ይመስላል፤ ሆኖም በአራተኛው ወር ማንም አያምነውም።

የሃይማኖት መጻሕፍትም በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም አላሉም። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 4 ወደ ሌላ ከተማ ሄደው ዓመት ተቀምጠው ነግደው እንደሚያተርፉ በእርግጠኝነት የሚናገሩትን ነጋዴዎች ይገሥጻል። የቁርአን ሱረቱል ካህፍም (18፥23–24) የአላህ ፈቃድ ሳይጠቀስ «ነገ ይህን አደርጋለሁ» ማለትን ይከለክላል። የተወገዘው ማቀድ አይደለም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ማስላት እንዳለበት ይነገራል፤ ሳያሰላ የጀመረ መሣቂያ ይሆናል። ሁለቱ ትምህርቶች ሲጣመሩ አንድ ሐሳብ ይወጣል፦ ስሌት ግዴታ ነው፤ ስሌቱን ወደ እርግጠኝነት ማሳደግ ግን ትምክህት ነው።

በኢትዮጵያ «እግዚአብሔር ካለ» እና «ኢንሻአላህ» የዕለት ተዕለት ንግግር አካል ናቸው። ሁለት ዓይነት አገልግሎትም ይሰጣሉ። በአንዱ፣ የሚችለውን ሁሉ ለማድረግ የቆረጠ ሰው ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር መኖሩን ያምናል። በሌላው፣ ላለማድረግ የወሰነ ወይም ያላሰበበት ሰው እምቢ ላለማለት ይሸሸግባቸዋል። የመጀመሪያው ቃሉን ያጠራዋል፤ ሁለተኛው በአምላክ ስም ቃሉን ባዶ ያደርገዋል። በፕሮጀክት ሪፖርት ላይ የሚሰፍር «ሁኔታዎች ከፈቀዱ» የሚል ሐረግም በዚሁ ሚዛን ይለካል። የትኞቹ ሁኔታዎች እንደሆኑ ከተዘረዘረ ሐቀኝነት ነው፤ ካልተዘረዘረ ማምለጫ ነው።

በሌላ ሰው ድካም ቃል መግባት

በካንት ስም የሚታወቀው መርሕ፣ ሰው ሊያደርገው በማይችለው ነገር ግዴታ የለበትም ይላል። እንደማይቻል እያወቁ ቃል መግባት ግን ራሱ በደል ነው። በኮሎራዶ የዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ከተማዋ በጥቅምት 1993 ለሚከፈተው ማረፊያ በኮምፒዩተር የሚመራ የሻንጣ ማጓጓዣ እንዲሠራ በ1992 ውል ገባች። ቀደም ሲል ከቀረቡት ተጫራቾች በተባለው ጊዜ እንደሚደርስ ያረጋገጠ አልነበረም። በ1994 ለጋዜጠኞች በተደረገ ማሳያ ሻንጣዎች ሲበጣጠሱና ሲበታተኑ ታየ። ማረፊያው የተከፈተው በየካቲት 1995 ነው፤ 16 ወር ዘግይቶ፣ መዘግየቱ በየቀኑ ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር እያስወጣ። ከማጓጓዣው የተረፈውንም ክፍል ዩናይትድ አየር መንገድ በ2005 ተወው። እዚህ ላይ የጎደለው ዕውቀት አልነበረም። የሚያውቁት ያሉትን፣ ቃሉን የገቡት አልሰሙም።

የሥራ አስኪያጅ ቃል ሌላም ልዩ ባሕርይ አለው፤ የሚከፈለው በሌሎች ማታና ቅዳሜ ነው። ያላማከራቸውን ሠራተኞች ጊዜ ለደንበኛ የሰጠ ሰው የራሱ ያልሆነን ነገር ሰጥቷል። ቡድኑን ጠይቆ የተስማማበትን ቀን ማቅረብ የትሕትና ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ጉዳይ ነው።

በገንዘብ መካስም ሁልጊዜ አይቻልም። ለአይቢኤም የኦኤስ 360 ኦፐሬቲንግ ሲስተምን ሥራ የመራው ፍሬድሪክ ብሩክስ በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ የዘገየ የሶፍትዌር ፕሮጀክት ላይ ሰው መጨመር ይብሱን ያዘገየዋል ብሏል። አዲሶቹን የሚያሠለጥኑት ሥራውን የሚያውቁት ናቸው፤ የሚነጋገሩ ጥንዶች ቁጥርም ይበዛል። አምስት ሰው 10 የመነጋገሪያ መሥመር ሲኖረው አሥር ሰው 45፣ ሃያ ሰው 190 አለው። ስለዚህ «ከዘገየን ሰው እንጨምራለን» በሚል ስሌት የተገባ ቃል መያዣው ዋጋ የለውም።

ዕድል የሚገባበት ፍርድ

ሁለት ሥራ አስኪያጆች በእኩል ጥንቃቄ አቀዱ እንበል። የአንደኛዋ ፕሮጀክት በቀኑ ደረሰ። የሁለተኛው፣ የሚተማመንበት የውጭ ድርጅት የክፍያ ሲስተሙን ሳያሳውቅ ስለለወጠ አራት ወር ዘገየ። አንደኛዋ ትሸለማለች፣ ሁለተኛው ይነሣል። በርናርድ ዊሊያምስና ቶማስ ኔግል በ1976 የሞራል ዕድል ብለው ያነሡት ችግር ይህ ነው፦ ሰው የሚመሰገነውና የሚወቀሰው በእጁ ባለው ነገር ብቻ መሆን አለበት ብለን እናምናለን፤ ስንፈርድ ግን ከእጁ ውጭ የሆነውን እንጨምራለን።

የተሟላ መፍትሔ የተገኘለት ጥያቄ አይደለም። ለሥራው ግን የሚጠቅም አንድ ልዩነት አለ። ወቀሳ የሚገባው ለጥንቃቄ ጉድለት ነው፤ ተጠያቂነት ግን ያለ ጥፋትም ይኖራል። ሁለተኛው ሥራ አስኪያጅ አላጠፋም፤ ሆኖም ለደንበኛው መናገር፣ ማስረዳትና አማራጭ ማቅረብ የእሱ ግዴታ ነው። ጥፋተኛ አለመሆኑን ሲያስረዳ ይህን ግዴታ የሚረሳ ሥራ አስኪያጅ ሁለተኛ በደል ይጨምራል። በተቃራኒው፣ ውጤትን ብቻ አይቶ የሚቀጣ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን መጥፎ ዜና መደበቅን ያስተምራቸዋል።

በትምክህትና በሐሰተኛ ትሕትና መካከል

አርስቶትል በኒቆማኮስ ሥነ ምግባር አራተኛ መጽሐፍ ሐቀኝነትን በሁለት ጥፋቶች መካከል ያስቀምጠዋል፤ ያለውን በሚያጋንንና ያለውን በሚያሳንስ መካከል። አዲስ ሥራ አስኪያጅ በመጀመሪያ የሚወድቀው በማጋነን ነው፤ «ይቻላል» ማለት ብቃትን ማሳያ ይመስለዋል። አንድ ሁለት ጊዜ ቀን ካለፈበት በኋላ ወደ ሁለተኛው ጥፋት ይሻገራል። ቡድኑ ሁለት ወር ሲለው አራት ወር ብሎ ያቀርባል፤ ኃላፊው ይህን ስለሚጠረጥር ሦስት ያደርገዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ስድስት ይላል። የቁጥር ድርድር ሲጀመር ቁጥሩ ስለ ሥራው የሚናገረው ነገር ያልቃል።

ለማይታወቅ ነገር መጠባበቂያ መያዝ ራሱ ነቀፋ የለበትም። ልዩነቱ በመገለጡ ላይ ነው። «ሥራው ሁለት ወር፣ ለመረጃ ዝውውሩ ሥጋት ተጨማሪ አንድ ወር» ማለት እውነትን መናገር ነው፤ ያንኑ ወር በዝርዝሩ ውስጥ መሸሸግ ግን ማታለል ነው። የተሸሸገ ጊዜ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይተርፍም። ኖርዝኮት ፓርኪንሰን በ1955 እንደጻፈው ሥራ የተሰጠውን ጊዜ እስኪሞላ ይሰፋልና።

ምን ዓይነት ቃል ይገባል?

በጊዜ፣ በገንዘብና በሥራው ይዘት ላይ በአንድነት ቃል መግባት ያልታየውን ነገር በሦስት አቅጣጫ ማሠር ነው። ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት። ቀኑ የማይነቃነቅባቸው ሥራዎች አሉ፤ የ2000 የኮምፒዩተር ችግር ሲታረም ታኅሣሥ 31 ቀን 1999ን ማራዘም የሚችል ሥልጣን አልነበረም። በዚያን ጊዜ ብዙ ድርጅቶች ሲስተሞቻቸውን በአደጋቸው መጠን ደርድረው ከከፋው ጀመሩ። ቀን ላይ ቃል ሲገባ ይዘቱ በቅደም ተከተል ይደረደራል፤ ከመጨረሻው የሚቀነሰውም አስቀድሞ ይነገራል።

የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ ልምድ የቃልን ቅርጽ መለወጥ ምን ማለት እንደሆነ ያሳያል። ቢሮው ለምርመራ መዛግብት ያሠራውን ሲስተም ወደ 170 ሚሊዮን ዶላር ከፈሰሰበት በኋላ በ2005 ተወው። «ሴንቲነል» የተባለው ተተኪም በውል ተሰጥቶ ሲዘገይ ቢሮው በ2010 ሥራውን ወደ ራሱ እጅ መለሰው፤ ትንሽ ቡድን አቋቁሞ በየሁለት ሳምንቱ የሚሠራ ነገር ማሳየት ጀመረ። ሥራው ለሠራተኞች የተዳረሰው በሐምሌ 2012 ነው። ቢሮው ያወጣው አዲስ ቀንም በወራት አልፏል። ልዩነቱ መዘግየቱ ከጅምሩ መታየቱና የተሠራው በየጊዜው መፈተሹ ነበር።

እንዲህ ዓይነቱ አካሄድ ግዴታን የሚያላላ ይመስላል። ቀን የማይሰጥ ሰው ምንም ቃል አልገባም የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። «የምንችለውን እናደርጋለን» የሚል ቃል ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም ብሎ የሚፈርድበት ሰው የለምና ቃል አይባልም። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ የሚገባው ቃል ሊፈረድበት የሚችል መሆን አለበት። ግምቱን በክልል ይሰጣል፤ «ከአራት እስከ ሰባት ወር» ይላል፣ የቆመባቸውን ግምቶችም ይዘረዝራል። ክልሉ የሚጠብበትን ቀን ይወስናል፤ «የመረጃ ዝውውሩን በስድስት ሳምንት ሞክረን አዲስ ግምት እናቀርባለን» ሲል በስድስተኛው ሳምንት ይጠየቅበታል። ከግምቶቹ አንዱ ሲፈርስ በተወሰነ ቀን ውስጥ እንደሚያሳውቅ ቃል ይገባል። የቅርቡን ሥራ በቀን ይቆርጣል፤ የሩቁን በቅደም ተከተል ብቻ ያስቀምጣል። እነዚህ ሁሉ በእሱ እጅ ያሉ ናቸው፤ ካልፈጸማቸው ሰበብ የለውም።

በዚህ አያያዝ በመነሻው የተነሡት ሦስት ጥያቄዎች የየራሳቸውን መልስ ያገኛሉ። ትንበያ ብሎ የሰጠው ቀን ቢያልፍ ተሳስቷል፤ ግምቱን ያርማል። ቃል የገባበት ቀን ቢያልፍ ግዴታውን አጉድሏል፤ ጥፋተኛ ባይሆንም ያስረዳል፣ ይክሳል። ቀኑ እንደማይደርስ አውቆ ዝም ካለ ግን ዋሽቷል። ውሸቱ የሚጀምረው ቀኑ ባለፈ ዕለት ሳይሆን፣ አውቆ ሳይናገር ባደረ ዕለት ነው።